የቼሮኪ ደጋንና የትንፋሽ ቱቦ፦ ሙያው ወደ ልጆች የሚያልፈው እንዴት ነው?

የቻርሎቱ አናጢ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። እኔ በሙያዬ አናጢ ነኝ። እንጨት የሚሠራ ሰው ካየሁ ቆሜ ሳላይ ማለፍ አልችልም። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከምኖርበት ከቻርሎት በስተ ምዕራብ፣ ተራራው መሀል፣ ቼሮኪ የምትባል ከተማ አለች። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ቼሮኪዎች፣ የምሥራቆቹ፣ መኖሪያ ናት። እዚያ ኦኮናሉፍቲ የሚባል የጥንት አኗኗር የሚታይበት መንደር ከ1952 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባልጩት ተጠርቦ የፍላጻ ጫፍ ሲሆን፣ ግንድ በእሳት ተቦርቡሮ ታንኳ ሲሆን፣ ሸምበቆ ተቃንቶ የአደን መሣሪያ ሲሆን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ላነሳው የፈለግኩት፣ ይህ መሣሪያ የመሥራት ሙያ ወደ ልጆች እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ብዙ ሰው "ቪዲዮ ይቀረጽ፣ ሙዚየም ይግባ" ይላል። እኔ ግን ልጅ ሙያ የሚይዘው ዕቃውን ሄዶ የሚቆርጥበት መሬት ሲኖረውና የሠራውን የሚሞክርበት ሜዳ ሲኖረው ነው ባይ ነኝ። እነዚህ ከሌሉ የሚቀረው ትርኢት ብቻ ነው።

የትንፋሽ ቱቦውን ተመልከቱ፤ ትንሽ ፍላጻ ውስጡ ገብታ በአፍ ትንፋሽ የምትተኮስበት ነው። ከቀርከሃ ዘር ከሆነ የወንዝ ዳር ሸምበቆ ነው የሚሠራው። ርዝመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሁለት ሜትር ተኩልም ይደርሳል። ሸምበቆው ተቆርጦ ይደርቃል። ከዚያ እሳት ላይ እያሞቁ ቀስ በቀስ ያቃኑታል። ውስጡ ያሉት አንጓዎች ደግሞ መበሳት አለባቸው፤ ዛሬ ብዙዎች የጋለ ብረት ይሰዱበታል። ከተበሳ በኋላ ውስጡ መለስለስ አለበት፤ ትንሽ ሸካራ ከቀረ ፍላጻዋ ትይዛለች። ፍላጻዋ ሎከስት ከሚባል ዛፍ እንጨት ወይም ከሸምበቆ ስንጣሪ ትቀረጻለች። ጭራዋ ላይ የኮሸሽላ ጥጥ በክር ይጠመጠማል። ትንፋሹ እንዳያመልጥ ቱቦውን የሚሞላው ያ ጥጥ ነው። ኮሸሽላው የሚሰበሰበው በበጋቸው መጨረሻ፣ አበባው ደርቆ ሳይበተን ነው። አንድ ሳምንት ከዘገያችሁ ነፋስ ይወስደዋል።

በዚህ መሣሪያ ሽኮኮ፣ ጥንቸልና ወፍ ይታደን ነበር። መርዝ አይቀቡትም። ስለዚህ አዳኙ ዓይኑና ትንፋሹ ላይ ነው የሚተማመነው።

አሁን አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ይማር ዘንድ ሸምበቆውን ከየት ያመጣል? ከተማረስ በኋላ ለምን ይሠራዋል? እስኪ የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ጋሽ ይልማ

የቻርሎቱ ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከኋላ ልጀምር።

በቼሮኪዎች ዘንድ የዘር ሐረግ የሚቆጠረው በእናት ነው። ሰባት ነገዶች አሏቸው፤ ልጅ የእናቱ ነገድ ነው። ወንድ ልጅን አደንና መሣሪያ የሚያስተምረውም በዋናነት የእናቱ ወንድም ነበር። አባት ልጁን ይወዳል፣ ያጫውታል፤ የማስተማሩ ኃላፊነት ግን አጎት ላይ ነው። ስለዚህ የሙያው መንገድ ከቤተሰብ አወቃቀሩ ጋር የተጣበቀ ነበር። ያ አወቃቀር ሲናጋ ሙያውም አብሮ ይናጋል።

ጠብመንጃ የመጣው በአጋዘን ቆዳ ንግድ ነው። በ1700ዎቹ ቆዳው በቻርልስተን ወደብ በኩል ወደ እንግሊዝ ይሄዳል፤ ጠብመንጃ፣ ባሩድና ጨርቅ ይመጣል። በ1761 መጨረሻ ወደ ቼሮኪ መንደሮች የሄደ ሄንሪ ቲምበርሌክ የሚባል የቨርጂኒያ መኮንን ነበር። ደጋናቸውን የድብ ዘይት ውስጥ ነክረው በእሳት እንደሚያደርቁት፣ አውታሩንም ከተጠመዘዘ የድብ አንጀት እንደሚሠሩት ጽፎ ትቷል። ያኔ ጠብመንጃው በሰፊው ገብቷል፤ ደጋኑም ግን አልቀረም ማለት ነው።

ትልቁ ስብራት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ1830 የአሜሪካ ምክር ቤት ነባር ሕዝቦችን ወደ ምዕራብ ለማስነሳት ሕግ አወጣ። በ1835 ጥቂት ቼሮኪዎች አገራቸውን የሚያስለቅቀውን የኒው ኤኮታን ውል ፈረሙ፤ አብዛኛው ቼሮኪም መሪያቸው ጆን ሮስም አልተቀበሉትም። በ1838 ወታደር መጥቶ ሕዝቡን ከየቤቱ አወጣው። ወደ 16,000 የሚጠጋ ሕዝብ ነው የተነዳው። በማጎሪያውና በመንገዱ የሞተው ብዙ ጊዜ 4,000 እንደሚሆን ይገመታል። በእንዲህ ያለ ጉዞ ቀድመው የሚወድቁት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸው። አስተማሪውና ተማሪው ማለት ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

ሰናይት ዘቱልሳ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን መነሻ ባይጽፉልን ኖሮ የእኔ ወሬ ግማሽ ይሆን ነበር።

እኔ ያለሁት ኦክላሆማ ነው። ያ የተነዳ ሕዝብ የደረሰበት ቦታ። የቼሮኪ ብሔር ዋና ከተማ ታሌኳ ከቱልሳ በመኪና ሩቅ አይደለም። ዛሬ መንግሥት ያወቃቸው ሦስት የቼሮኪ አስተዳደሮች አሉ፦ እዚህ ያለው የቼሮኪ ብሔር፣ እዚሁ ታሌኳ ያለው ዩናይትድ ኪቱዋ፣ እና አናጢው የጻፈላችሁ፣ በድሮ አገራቸው የቀሩት የምሥራቆቹ። የቼሮኪ ብሔር ብቻ ከ450,000 በላይ ዜጎች አሉት። ስለዚህ "የጠፋ ሕዝብ" እያልን አናውራ፤ ጎረቤቶቼ ናቸው።

ደጋኑን በተመለከተ የገረመኝ ነገር አለ። በድሮ አገራቸው ደጋን የሚሠሩት ብላክ ሎከስትና ሂኮሪ ከሚባሉ ዛፎች ነበር። እዚህ ሲመጡ ኦሴጅ ኦሬንጅ የሚባል ዛፍ አገኙ። ተፈጥሮው ከዚሁ ከኦክላሆማ፣ ከቴክሳስና ከአርካንሳስ አካባቢ ነው። እንጨቱ ብጫ ነው፣ እሾህ አለው፣ ከባድና የማይበሰብስ ነው፤ ገበሬው አጥር ያደርገዋል። ለደጋን ደግሞ ወደር የለውም። ዛሬ ታሌኳ አካባቢ "የቼሮኪ ደጋን" ስትሉ ሰው የሚያሳያችሁ ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ስለዚህ ሙያው በመንገድ ላይ አልሞተም። አዲስ እንጨት አግኝቶ ቀጠለ።

ሜዳውን በተመለከተ ደግሞ በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ሰሞን፣ የቼሮኪ ብሔራዊ በዓል ይከበራል። የ1839ኙን ሕገ መንግሥታቸውን ለማስታወስ ነው፤ በዓሉ ራሱ የተጀመረው በ1953 ነው። እዚያ የትንፋሽ ቱቦ ውድድር አለ። የበቆሎ አገዳ ተኩስም አለ። አገዳው ሜትር ከፍታ እስኪሆን አግድም ይደረደራል፤ ተኳሹ ከ70 እስከ 90 ሜትር ያህል ርቆ በደጋን ይተኩሳል። ነጥቡ የሚቆጠረው ፍላጻው በበሳው አገዳ ብዛት ነው። መምታት ብቻ አይበቃም፤ ዘልቆ መግባት አለበት። ይህ የሚጠይቀው ጠንካራ ደጋንና ከባድ ፍላጻ ነው። ስለዚህ ውድድሩ በራሱ ጥሩ ሠሪ ይፈልጋል። አናጢው ያልከው "ሜዳ" ይኼው።

ናቲ ፍላጻ

እኔ ደጋን መሥራት የለመድኩት ከዩቲዩብ ነው፤ ሠርቼም ተኩሻለሁ። በዚህ ዘመን ሙያ የግድ ከአጎት ወይም ከመምህር እጅ መምጣት አለበት የሚለው ለእኔ አይገባኝም። መሬቱም ቢሆን፣ እንጨቱ በኢንተርኔት ታዝዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ጥሩ ቪዲዮ አንድ ሺህ ልጅ ያስተምራል፤ አንድ ሽማግሌ ስንት ያስተምራል? ዋናው እውቀቱ መትረፉ አይደል?

የቻርሎቱ አናጢ

ናቲ፣ ደጋን ሠርተህ መተኮስህ ደስ ይላል። ብዙ ሰው ጀምሮ ይተወዋል። ቪዲዮ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ግን ቪዲዮ የማይነካው ክፍል አለ።

ኦሴጅ ኦሬንጅን እንውሰድ። መጀመሪያ ቅርፊቱና ነጩ የውጭ እንጨት ይነሳል። ከዚያ አንድ ዓመታዊ ቀለበት ትመርጥና ከደጋኑ ጀርባ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንን ብቻ ትከተላለህ። ቀለበቱን በአንድ ቦታ ከበሳኸው ደጋኑ ሲሳብ ከዚያ ይሰበራል። እንጨቱ ጉብታ ካለው ጉብታውን ተከትለህ ትሄዳለህ፤ ቀጥ ላድርገው ካልክ አበላሸኸው። ይህን ቪዲዮው ይነግርሃል፤ እጅህ የያዘው ቢላ ወደሚቀጥለው ቀለበት ሊገባ ሲል የሚሰማህን ግን አይነግርህም። ድምፁ ይለወጣል። ስሜቱ ይለወጣል። አጠገብህ የቆመ ሰው "በቃ፣ እዚህ ላይ" ሲልህ ነው የምትይዘው።

ከዚያ ሆዱን፣ ወደ ተኳሹ የሚዞረውን ጎን፣ መፋቅ አለ። ሁለቱ ክንዶች እኩል እንዲታጠፉ ትንሽ ትፍቃለህ፣ ትንሽ ታጥፋለህ፣ ታያለህ፣ ደግሞ ትፍቃለህ። እዚህ ላይ ችኮላ የለም። የወጣው እንጨት አይመለስም። የለመደ ሰው ከሩቅ አይቶ "ግራው ደንድኗል" ይልሃል። አንተ ግን እኩል ይመስልሃል።

ሌላው፣ አንተ የሠራኸው ደጋን ያንተ ነው፣ ጥሩ ነው። የቼሮኪ ልጅ ግን ደጋን ብቻ አይደለም የሚወርሰው። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ ከየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወራት፣ ሲቆረጥ ምን እንደሚባል፣ ማን እንደሠራው የሚወራው ወሬ አብሮ ይመጣል። በፖስታ የመጣ እንጨት ያንን ይዞ አይመጣም።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ልበል። የምኖረው አሜሪካ ነው። በየጊዜው በትምህርት ቤት ተኩስ የሚሰማበት አገር ነው። ልጆቼ ክፍል ውስጥ መደበቅን ይለማመዳሉ። ታዲያ "የመሣሪያ አሠራር ለልጆች እናውርስ" የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ይከብደኛል። ቅርጫትና ሸክላ አለ አይደል? ለምን መሣሪያው?

ሰናይት ዘቱልሳ

እህቴ ስጋትሽ ይገባኛል። እኔም እናት ነኝ።

ግን በዓሉ ላይ ልጆቹን ብታዪአቸው ሐሳብሽ የሚለወጥ ይመስለኛል። የትንፋሽ ቱቦ ለመተኮስ ልጁ መጀመሪያ ዝም ማለት አለበት። ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። ማን ከፊት እንዳለ ማየት አለበት። ቱቦ ወደ ሰው አይዞርም፤ ይህ ከመጀመሪያዋ ቀን ይነገረዋል። ደጋንም እንደዚያው። ልጁ ለወራት ፍቆ የሠራውን ነገር በንዴት አያነሳውም። ከሱቅ ተገዝቶ በደቂቃ ከሚያዝ ነገር ጋር እኩል አናድርገው።

ደግሞም ቅርጫቱም ቱቦውም የሚሠሩት ከአንድ ሸምበቆ ነው። የቼሮኪ ሴቶች ድርብ ሽመና ያለው የሸምበቆ ቅርጫት በዓለም የታወቀ ነው። ሸምበቆው የሚያድግበትን ቦታ የሚጠብቅ ልጅ ለሁለቱም ነው የሚጠብቀው። መሣሪያውን ብቻ ነቅለሽ ማውጣት አትችዪም።

የሁለት ልጆች እናት

ስለ ሥልጠናው የነገርሽኝ ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ስጋቴ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ቢያንስ ልጆቹን የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት እላለሁ።

ጋሽ ይልማ

ልጄ፣ ያ ያነሳሽው ነጥብ ነው አጎትየው ለምን አስፈላጊ እንደነበር የሚያስረዳው። የሚያስተምረው ሰው የቤት ሰው ነበር። ልጁ ቢያጠፋ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ቤዛ ቢ.

ማንም ያላነሳው ነገር ገንዘብ ነው። ወጣቱ ይህን ሥራ ተምሮ ምን ይበላል? አንድ የእጅ ደጋን የሚፈጀውን ሰዓት ቆጥራችሁ ዋጋ ብታወጡለት ማንም ቱሪስት አይገዛውም። ከፋብሪካ የመጣ፣ ላባ የተለጠፈበት መጫወቻ ቀስት ግን በርካሽ በየሱቁ አለ።

ሕግ አለ፣ እሱን ልመስክር። በ1990 የወጣው የነባር ሕዝቦች ዕደ ጥበብ ሕግ፣ ያልሠሩትን "ነባር ሕዝቦች የሠሩት ነው" ብሎ መሸጥን ይከለክላል። አንድ ግለሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጠፋ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ወይም እስከ አምስት ዓመት እስር ሊደርስበት ይችላል። ነገር ግን ሱቁ "የቼሮኪ ሥራ" ሳይል ዝም ብሎ ላባውን ለጥፎ ቢሸጥ ሕጉ አይይዘውም። ገዢው ራሱ መጠየቅ አለበት።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ኳላ የሚባል የዕደ ጥበብ ሠሪዎች ማኅበር አለ፤ በ1946 የተቋቋመ። ሱቁ ያለው እዚያው ቼሮኪ ከተማ ነው። አባላቱ ሥራቸውን እዚያ ያስገባሉ፤ ማን እንደሠራው ይታወቃል። እኔ በበኩሌ ከመንገድ ዳር ሱቅ ይልቅ እዚያ ገንዘቤን ባወጣ ደስ ይለኛል።

ኦክላሆማ በኩል ደግሞ የቼሮኪ ብሔር ከ1988 ጀምሮ "የቼሮኪ ብሔራዊ ቅርሶች" እያለ ባለሙያዎችን ይሰይማል። ቅርስ ተብሎ የሚሰየመው ዕቃው ሳይሆን ሰውየው ነው። ደጋን ሠሪ፣ ባልጩት ጠራቢ፣ ቅርጫት ሠሪ፣ ለኳስ ጨዋታቸው የሚሆን ዱላ ሠሪ ይገኙበታል። የሚሰየመው ሰው ሥራውን ከማወቁ ሌላ ለሌላው ማስተማሩም ይታያል። ይህ ጥሩ ነው። እኔ ግን ክብር ብቻውን አይበቃም እላለሁ። ወጣቱ አጠገቡ ተቀምጦ ሲማር የሚከፈለው ነገር መኖር አለበት።

አዳነ ዘቋንቋ

ቤዛ፣ የምትዪውን ለቋንቋቸው አድርገውታል። የቼሮኪ ብሔር ከ2014 ጀምሮ አንድ ፕሮግራም አለው። አዋቂዎች ለሁለት ዓመት በሳምንት 40 ሰዓት ቋንቋውን ከሚናገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይማራሉ። ይከፈላቸዋል። እንደ ሥራ ነው የሚቆጠረው። ይህን ያደረጉት ተናጋሪው በጣም ስላነሰ ነው፤ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆነ ከ2,000 ያነሰ ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ እነሱም በዕድሜ የገፉ ናቸው።

እንግዲህ ሴኮያ በ1821 የራሳቸውን ፊደል የሠራላቸው ሕዝብ ናቸው። በ1828 በዚያ ፊደል ጋዜጣ አትመዋል። እንዲህ ያለ የጽሑፍ ታሪክ ያለው ቋንቋ እንኳ ከአፍ ወደ አፍ ካልተላለፈ በመጻፉ ብቻ አልተረፈም። የእጅ ሙያ ደግሞ የጽሑፍ ዕድል እንኳ የለውም። ስለዚህ የሁለት ዓመት ደመወዝ ለደጋን ተማሪም ቢሰጥ ትርፍ ወጪ አይደለም።

ጋሽ ይልማ

አዳነ ልክ ነህ። ቤዛም የገንዘቡን ነገር ማንሳትሽ ተገቢ ነው።

ከእኛ አገር ጋር አንድ ነገር ላነጻጽር፤ ከዚያ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እኛ ዘንድ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው መስደብ የቆየ በሽታ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1908 ባለ ሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ጦሩንና ጎራዴውን የሠራው ሰው ልጁን "አንተ ሌላ ሥራ ፈልግ" የሚለው ከራሱ ጎረቤት በሚመጣ ንቀት ነው። ልጁም አይፈረድበትም።

የቼሮኪዎች ከዚህ ይለያል። ደጋን ሠሪው በወገኑ አልተናቀም። ንቀቱ ከውጭ መጣ። ልጆቹን ከቤት ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ቋንቋቸውን ሲናገሩ ተቀጡ። የአባቶቻቸው ነገር ሁሉ ኋላ ቀር እንደሆነ ተነገራቸው። ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ አጎቱ የሚያስተምረውን ነገር ለመቀበል ያፍራል። በመሀል አንድ ትውልድ ተዘለለ። ዛሬ ሙያው ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከአያት ወደ የልጅ ልጅ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ደጋን ሲይዝ የሚያነሳው ነገር ከእንጨት በላይ ነው። ይህን የሚያይ ቤተሰብ ቢያለቅስ አይገርመኝም።

ናቲ ፍላጻ

ጋሼ ይህን አላሰብኩትም ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። የባልጩቱ ሥራ ከብረት መምጣት ጋር አልጠፋም እንዴ? የፍላጻ ጫፍ ከናስና ከብረት መሠራት ከጀመረ ሦስት መቶ ዓመት ሊሆን ነው። ታዲያ ዛሬ ባልጩት የሚጠርበው ከማን ተምሮ ነው?

የቻርሎቱ አናጢ

ጥያቄህ ጥሩ ነው። አዎ፣ የንግድ ብረት ሲመጣ ድንጋዩ ቶሎ ነው የተተወው። ዛሬ የሚጠርቡት ብዙዎቹ የድሮውን ጫፍ እያዩ፣ እርስ በርስ እየተማማሩ፣ እየሰበሩ ነው ያገኙት። በአጋዘን ቀንድ እየተጫኑ ከጠርዙ ትንንሽ ስንጣሪ ያስለቅቃሉ። ድንጋዩ ራሱ ነው የሚያስተምራቸው፤ የት እንደሚሰነጠቅ የድሮው ጠራቢ የተወው ምልክት ላዩ ላይ አለ። ስለዚህ የተቋረጠ ሙያም ሊመለስ ይችላል። እኔ ይህን ማየቴ ተስፋ ሰጥቶኛል። ግን ድንጋይ አይበሰብስም። እንጨትና ሸምበቆ ይበሰብሳል። የደጋን ሰንሰለት ከተቆረጠ እንደ ባልጩቱ መሬት ቆፍረህ አታገኘውም።

የደን ልጅ

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የምሠራው ዕፅዋት ላይ ነው። አናጢው መጀመሪያ ላይ "ሸምበቆውን ከየት ያመጣል?" ብሎ ጠይቆ ማንም አልመለሰለትም፤ እኔ ልሞክር።

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ድሮ የሸምበቆ ጫካ ወንዙን ተከትሎ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይዘልቅ ነበር። ዛሬ ከነበረው ወደ 98 በመቶ የሚሆነው ጠፍቷል ተብሎ ይገመታል። ሸምበቆ የሚያድግበት መሬት ለም ስለሆነ ገበሬው አረሰው። ከብት ለጋውን በላው። ነባሮቹ ሕዝቦች በየጊዜው እሳት እየለቀቁ ያድሱት ነበር፤ እሳቱ ሲከለከል ሌላ ዛፍ ዋጠው። የቀረው እዚህም እዚያም ጥቂት ቁራጭ ነው። ያም ቀጭን ነው፣ ለትንፋሽ ቱቦ የሚሆን ወፍራም አገዳ ብዙ የለውም። ወፍራም የሚሆነው ጫካው ሰፊና የቆየ ሲሆን ነው።

በዘር ማባዛት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። አበባ የሚያወጣው ከብዙ ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ ከነሥሩ ተቆፍሮ ነው የሚተከለው። ከተተከለም በኋላ የሚቆረጥ አገዳ ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ አለ። የምሥራቅ ቼሮኪዎች በ2004 ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ሸምበቆ፣ ነጭ ኦክ፣ ሸክላ አፈር የመሳሰለውን የዕደ ጥበብ ግብዓት ለማዳን። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከማንኛውም የሙዚየም አዳራሽ በላይ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ሌላው የመቁረጥ መብት ነው። የድሮ መሬታቸው ብዙው ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ወይም የግል ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተክል መቁረጥ ክልክል ነበር። በ2016 ደንቡ ተሻሽሎ ነባር ሕዝቦች ከፓርኩ ጋር ተስማምተው ለባህላቸው የሚሆን ተክል እንዲሰበስቡ ተፈቀደ። በ2022 የቼሮኪ ብሔር አርካንሳስ ካለው የበፋሎ ወንዝ ፓርክ ጋር ተፈራረመ። 76 ዓይነት ዕፅዋት ነው ስምምነቱ የሚሸፍነው፤ ሸምበቆና ሂኮሪ ይገኙበታል። አሁን አያት የልጅ ልጁን ይዞ ሕጋዊ ሆኖ ወደ ወንዙ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ በፊት ያንኑ ቢያደርግ በጥፋት ይጠየቅ ነበር።

የቻርሎቱ አናጢ

የደን ልጅ፣ እንዴት እንደማመሰግንህ አላውቅም። እኔ የጎደለኝ ይህ ነበር። ስለ እሳቱ የጻፍከው ደግሞ አስደነገጠኝ። ማለት ድሮ ልጁ የሚማረው መቁረጥ ብቻ አልነበረም፤ መቼ እንደሚቃጠል፣ የቱን ትቶ የቱን እንደሚወስድ ጭምር ነበር። መሣሪያ ሠሪው የጫካው ጠባቂ ነበር ማለት ነው።

ቤዛ ቢ.

ታዲያ ሸምበቆው እስኪያድግ ልጆቹ በምን ይለማመዱ? ዓመታት ጠብቁ ሊባሉ ነው?

የደን ልጅ

አይደለም። ከገበያ የሚገዛ ቀርከሃ አለ፤ ከፕላስቲክ የቧንቧ ቱቦም የሚሠሩ አሉ። መተኮስንና ፍላጻ ማሰርን በዚያ መለማመድ ይቻላል። ኮሸሽላው በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፣ ያንን ማንም አይከለክልም። እኔ ይህን አልቃወምም። ግን አገዳ ማቃናትንና አንጓ መብሳትን በፕላስቲክ አይማሩትም። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንዴ እውነተኛውን ሸምበቆ መንካት አለባቸው።

የሁለት ልጆች እናት

ይህን ክር ለባለቤቴ አነበብኩለት። ልጆቹን ይዘን ብንሄድ የት ይሻላል? ልጆቼን ሳላስፈራ፣ ሰዎቹንም እንደ ትርኢት ሳላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ሰናይት ዘቱልሳ

እህቴ፣ ወደ እኛ የምትመጪ ከሆነ የሠራተኞች ቀን ሰሞን ታሌኳ ነይ። የሰው ብዛት አለ፣ ማረፊያ ቀድመሽ ያዢ። የበቆሎ አገዳውን ተኩስ አያምልጥሽ። ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ለልጆቹ ኮፍያና ውኃ ያዢላቸው። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት ሰውየውን ጠይቂ። የሚሠራ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት፤ ልጅ ሲጠይቅ ብዙዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያሳያሉ።

የቻርሎቱ አናጢ

ወደ ምሥራቅ ከመጣችሁ ደግሞ ኦኮናሉፍቲ መንደር የሚከፈተው በሞቃቱ ወራት ነው፤ በብርዱ ወራት እንዳትመጡ። ጠዋት ግቡ፣ ሰው ሳይበዛ። ከዚያ ቤዛ የጠቀሰችው የኳላ ማኅበር ሱቅ ቅርብ ነው። ልጆቹ የሚወዱት ነገር ካለ የሠሪውን ስም ጠይቁና ግዙላቸው። ከቻርሎት የምታልፉ ከሆነ ጻፊልኝ፤ ለልጆቹ የኦሴጅ ኦሬንጅ ቁራጭ አለኝ፣ ቀለበቱን በእጃቸው እንዲያዩት እሰጣቸዋለሁ።